ለአንድ አከፋፋይ ድርጅት ሰርቨር ባክአፕ እንዴት ይታቀድ? (ደብረ ማርቆስ)

የጮቄ ጥላ

ጤና ይስጥልኝ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብረ ማርቆስ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ፍኖተ ሰላምና ሞጣ በሚገኙ አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራውን በሙሉ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። ሰርቨራችን አንድ ነው። በላዩ ላይ የሽያጭና የመጋዘን ፕሮግራሙ ዳታቤዝ (ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ አሁን 6 ጊጋባይት ያህል የደረሰ)፣ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ፋይሎች፣ እንዲሁም ስካን የተደረጉ ውሎችና የሠራተኛ ማኅደሮች ያሉበት የጋራ ፎልደር ይገኛሉ። ድምሩ 40 ጊጋባይት ይጠጋል።

እስካሁን ባክአፕ ስንል የኖርነው ከሰርቨሩ ጀርባ ተሰክቶ የሚውል የሚያድር አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክን ነው። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ መብረቅ ይዞ መጣና ዩፒኤሱን፣ ስዊቹንና ያንኑ ዲስክ አቃጠለው። ሰርቨሩ በምን እንደተረፈ እስካሁን አላውቅም። ሌላ ዲስክ ተገዝቶ እስኪመጣ ድረስ አራት ቀን ሙሉ፣ ያውም የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ አንድም ቅጂ ሳይኖረን ሠራን። ባለቤቱ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ይህ ሳጥን ቢቃጠል ነገ ጠዋት ምን ይዘን እንሸጣለን?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። በጽሑፍ የተዘጋጀ ዕቅድ ይፈልጋሉ። መብራቱንም ኢንተርኔቱንም እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጢስ ዓባይ

በቅድሚያ እንኳን ሰርቨሩ ተረፈላችሁ። ሁለት ተመሳሳይ ዲስኮች ገዝተው ሬይድ 1 (አንዱ ዳታ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል የሚጻፍበት አሠራር) ቢያደርጉት፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ስለሚቀጥል አብዛኛው ሥጋት የሚወገድ ይመስለኛል። እኛ የምንሠራው እንዲሁ ነው።

ጣና ዳር

ጢስ ዓባይ በቅንነት እንደጻፉት ባልጠራጠርም፣ ሬይድን እንደ ባክአፕ መቁጠር ብዙ ቤት ያጎደለ ስሕተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ሬይድ 1 አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል፤ ጥቅሙ እዚያው ላይ ያበቃል። የመጋዘን ጸሐፊው የአንድ ወር የዕቃ ዝውውር በስሕተት ቢሰርዝ፣ ስረዛው በዚያችው ቅጽበት በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይፈጸማል። መብረቅም ቢሆን አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮችን ለይቶ አይመታም። ሬይድ ይኑርዎት፣ ነገር ግን በዕቅዱ ውስጥ እንደ ቅጂ አይቁጠሩት።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ስለ ዲስክና ስለ ሶፍትዌር ከማሰብዎ በፊት ባለቤቱን ሁለት ነገር ይጠይቋቸው። አንደኛው፣ ብልሽት ቢደርስ የስንት ሰዓት ሥራ እንደገና ለመመዝገብ ይታገሣሉ? ሁለተኛው፣ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ መደብሩ ስንት ሰዓት ያለ ሲስተም መቆየት ይችላል? ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የመጀመሪያው ባክአፑ በየስንት ጊዜው እንደሚሠራ ይወስናል፤ ሁለተኛው ደግሞ የት እንደሚቀመጥና በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ይወስናል። ሲጠይቋቸውም በእኛ ቋንቋ አይሁን፤ «የትናንት ከሰዓት ሽያጭ ቢጠፋ ከደረሰኝ ቀሪዎቹ ላይ መልሰን ልንጽፈው እንችላለን ወይ?» ብለው ነው። ሽያጩ የወረቀት ቀሪ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው። በቅርንጫፎች መካከል የሚደረገው የዕቃ ዝውውር ግን በወረቀት ካልተያዘ መመለሻ የለውም። ይህን የሚያውቁት እነሱ እንጂ እኛ አይደለንም።

ከዚያ በኋላ መነሻ የሚሆንዎት ፒተር ክሮግ የተባለው የፎቶግራፍ ባለሙያ ያስፋፋው የ3-2-1 ደንብ ነው፤ ሦስት ቅጂ (ዋናውን ጨምሮ)፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። የእርስዎ ዲስክ የተቃጠለው ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ስለተሰካ ነው። እዚህ ጣና ላይ በጦርነት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይሻገሩ ነበር፤ አባቶች በየብስ ያለው ቢቃጠል በውኃ የተከበበው እንደሚተርፍ ያውቁ ስለነበር ነው። የእርስዎ ደሴት ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ሊሆን ይችላል።

ሒሳብ ክፍል

እኔ የሒሳብ ባለሙያ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ባክአፕ ሲታቀድ የሒሳብ ሰው ሳይጠየቅ የሚቀርበት አንድ ጉዳይ ስላለ ላንሣው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የወር መጨረሻ ቅጂ ተብሎ ለብቻው የሚቀመጠው በፈረንጁ ወር የመጨረሻ ቀን ነበር፣ ፕሮግራሙ ሌላ አያውቅማ። የእኛ ወር የሚያልቀው ግን በፈረንጁ አቆጣጠር ከ5ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ የተያዘ «የወር መጨረሻ» ሁሉ በአንድ ወር አጋማሽ ላይ፣ ግማሽ ተመዝግቦ ግማሽ ሳይመዘገብ የተቆረጠ ሒሳብ ነበር። ለኦዲተር «የሰኔ 30ን አሳዩኝ» ሲባል የምናሳየው አልነበረንም። ሰኔ 30 ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል፣ የዓመቱ ቅጂ በዚያ ቀን ማታ፣ ከመዝጊያው ማስተካከያዎች በኋላ ደግሞ ዳግመኛ ይያዝ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ (ቁጥር 983/2008) ሰነድ ለዓመታት ማቆየትን ስለሚያስገድድ ይህ ቅጂ ከዕለታዊዎቹ ጋር እየተሽከረከረ እንዳይሰረዝ አደራ።

ፒችትሪን በተመለከተ፣ ባክአፑ የሚወሰደው ሰው ሁሉ ከኩባንያው ፋይል ከወጣ በኋላ ነው። አንዷ ባልደረባችን ፕሮግራሙን ከፍታ ወደ ቤቷ ስትሄድ የዚያ ሌሊት ቅጂ ዋጋ አይኖረውም። ማታ ከመውጣታችን በፊት ሁሉም መውጣቱን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው በስም ተመድቦ ይጻፍ።

የጮቄ ጥላ

ስለ ምላሹ ከልብ አመሰግናለሁ። የፈረንጁን ወር ጉዳይ ሳነብ ደነገጥሁ፤ የእኔም ስክሪፕት የሚሠራው እንዲሁ ነው።

ባለቤቱን በተባለው መንገድ ጠየቅኋቸው። የግማሽ ቀን ሽያጭ መልሶ መጻፍ አይከብደንም፣ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም አሉ። መደብሩ ያለ ሲስተም አንድ ቀን በእጅ ደረሰኝ መሥራት እንደሚችል፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ግን የመጋዘን ቀሪ ስለማይታወቅ መሸጥ እንደማይቻል ነገሩኝ። ዝውውሩን በተመለከተ፣ በወረቀት ይያዝ የነበረው መዝገብ ፕሮግራሙ ከገባ ወዲህ እንደቀረ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የዳታቤዝ ወዳጅ

ግማሽ ቀን ከተባለ የሌሊቱ ቅጂ ብቻውን አይበቃም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብልሽት ቢደርስ ቀኑን ሙሉ የተሠራው ይጠፋልና። የምመክረው፣ በየሌሊቱ አንድ ሙሉ ባክአፕ፣ በሥራ ሰዓት ደግሞ በየሰዓቱ የትራንዛክሽን ሎግ (በዳታቤዙ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በተራ የሚመዘገብበት ፋይል) ባክአፕ እንዲይዙ ነው። ለዚህ ዳታቤዙ በፉል ሪከቨሪ (ለውጡ ሁሉ ባክአፕ እስኪያዝ በሎጉ ውስጥ የሚቆይበት) ሁኔታ ላይ መሆን አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፉል ሪከቨሪ አድርገው የሎጉን ባክአፕ ከረሱት፣ የሎግ ፋይሉ ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ ያድጋል፣ ከዚያም ሽያጩ ራሱ ይቆማል። የሎግ ቅጂዎች ደግሞ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ ከእሱ በኋላ ያሉት ዋጋ የላቸውም።

የዳታቤዙን ፋይል በተራ ኮፒ ለመውሰድ አይሞክሩ። ኤስኪውኤል ሰርቨሩ እየሠራ ፋይሉን ይዞት ስለሚቆይ ወይ ኮፒው እምቢ ይላል፣ ወይም በሌላ ዘዴ ቢገለበጥ እንኳ እርስ በርሱ የማይስማማ ነገር ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ባክአፑን የሚይዘው ራሱ ኤስኪውኤል ሰርቨሩ ይሁን፤ ሲይዝም ከቼክሰም (ዳታው አለመበላሸቱን ከሚያጣራ ቁጥር) ጋር ይሁን። ኤክስፕረስ እትሙ ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር የራሱ አገልግሎት ስለሌለው ትእዛዙን በታስክ ሼጁለር (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስጀምረው የዊንዶውስ መሣሪያ) ያስጀምሩታል። ዳታቤዙ 6 ጊጋባይት መድረሱንም ልብ ይበሉ፤ እስከ 2022 ባሉት የኤክስፕረስ እትሞች ጣሪያው 10 ጊጋባይት ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሥራ» ተብዬ ነበር። ታስክ ሼጁለሩን ከፍቼ 8፡00 ብዬ ሞላሁት። ባክአፑ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ እንግዶች ሒሳብ ዘግተው በሚወጡበት ሰዓት እየተነሣ ሲስተሙን ሲያንቀራፍፍ ከረመ፤ እኔም ጥፋቱን ኔትወርኩ ላይ ስፈልግ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ሰነድዎ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ይጻፉ።

የቡሬ ልጅ

እኛ ዘንድ የደረሰው ከመብረቅ የከፋ ነው። የፕሮግራም አቅራቢያችን ከሩቅ ሆኖ እንዲያግዘን ብለን ሪሞት ዴስክቶፑን (ሰርቨሩን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣውን) በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ከፍተን፣ ቀላል የይለፍ ቃል ሰጥተን ተኛን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ በአንድ የእሑድ ሌሊት ገብተው ፋይሉን ሁሉ ቆለፉት። ሰኞ ጠዋት ስደርስ የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ተቀይሮ፣ በዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጦ አገኘሁ። ኤክስተርናል ዲስኩ ተሰክቶ ስለነበር እሱም ተቆልፏል። «ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የምንጠቀምበት የሌላ ኩባንያ ማከማቻ) አለን» ብዬ ስከፍት፣ የሚያመሳስለው ፎልደር የተቆለፉትን ፋይሎች በታማኝነት ወደ ላይ ጭኖ ጨርሷል። የዳንነው፣ የሒሳብ ሠራተኛችን በራሷ ፈቃድ በየዓርቡ በፍላሽ እየወሰደች ቤቷ በምታስቀምጠው ቅጂ ብቻ ነው። ልጅቷን ስንቴ «ምን ያደርግልሻል?» ብለን እንደቀለድንባት እግዚአብሔር ይወቀው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ቢያንስ አንዱ ቅጂ ባክአፑ ከሚያዝበት ሰዓት ውጭ ከማንኛውም ማሽን የተነቀለ ይሁን። ባክአፑን የሚጽፈው አካውንት ለሌላ ሥራ የማይውል፣ የይለፍ ቃሉም ከሰርቨሩ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል የተለየ ይሁን። ሪሞት ዴስክቶፑ ደግሞ በቪፒኤን (በተቆለፈ የግል መስመር) በኩል ካልሆነ አይከፈት። ማሻሻያዎችንም በጊዜው መጫን ነው፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ በማርች ነበር።

ጢስ ዓባይ

ስለ ሬይዱ ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የቆዩ ቅጂዎችን ሳይሰርዝ የሚያቆይ ክላውድ ገዝቶ ዲስክ ከማመላለስ መገላገል አይሻልም?

ጣና ዳር

አብረን እናስላው። የ40 ጊጋባይት ዳታ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሲጫን 80,000 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ አንዴም ሳይቋረጥና ሌላ ሰው ሳይነካው። በቀን የሚለወጠው 300 ሜጋባይት ብቻ ቢሆን ግን አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። እንግዲህ ለውጡን ብቻ የሚልክ፣ ከመላኩ በፊት የሚቆልፍ፣ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል መሣሪያ ከተመረጠ ክላውዱ ጥሩ ሦስተኛ ቅጂ ነው። ሬስቲክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለውጡን ብቻ መላክንም መቆለፍንም ይሠራል፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ በድጋሚ ሲነሣ ቀድሞ የተጫነውን መልሶ አይጭንም።

ብቸኛ ቅጂ ሆኖ ግን አይታመንም። ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ሳይኖር ሥራ እንደተሠራ የምንረሳው ነገር አይደለም፤ ሰርቨሩ በእንዲህ ያለው ጊዜ ቢሞት፣ ሰማይ ላይ ያለው ቅጂ ለማርቆስ መደብር ምን ይፈይዳል? የክላውድ ቤትም ቢሆን ቤት ነው፣ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጥተዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እስካሁን ሁላችንም የተነጋገርነው ስለ መገልበጥ ነው፤ ስለ መመለስ የጠየቀ የለም። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሱ ደክሞት በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ዳታውን ሲሰርዝ፣ ይሠራሉ ተብለው ከተዘረጉት አምስት የባክአፕና የማባዣ ዘዴዎች አንዱም በአግባቡ እንደማይሠራ የታወቀው በዚያ ሌሊት ነው። የዳኑት መሐንዲሱ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በወሰደው ቅጂ ነበር። በዕውቀትም በገንዘብም ከእኛ የሚበልጡት እንዲህ ከሆኑ፣ እኛ «ባክአፕ ሰክሰስፉል» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አይተን ልንተኛ አይገባም። ዕቅድዎን ለባለቤቱ ከማቅረብዎ በፊት አንድ ባዶ ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ ሰርቨሩን ፈጽሞ ሳይነኩ፣ ከዲስኩ ብቻ ተነሥተው፣ አንድ የሽያጭ ደረሰኝ እስከማተም ይድረሱ። ሰዓት ይያዙ።

ሒሳብ ክፍል

ዲስኩን ከከተማ ከተማ የሚወስደው ሰው ጉዳይ አልተነሣም። የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ ዕዳ ያለበት ዲስክ በሚኒባስ ወንበር ሥር ሲጓዝ ያየሁ ነኝ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያልተቆለፈ ዲስክ መንገድ ላይ ቢጠፋ ጉዳቱ የዲስኩ ዋጋ ብቻ አይሆንም።

የጮቄ ጥላ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ብዙ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ ውጤቱን መንገር ይገባኛል።

ሁለት ዲስኮች ገዝተን በነጭ ፕላስተር «ሀ» እና «ለ» ብለን ጻፍንባቸው፤ ሁለቱም በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፈዋል። አንዱ ማርቆስ ሲሆን ሌላው ፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ ካዝና ውስጥ ነው፤ በየዓርቡ ዕቃ የሚያደርሰው መኪናችን ሲመላለስ ይቀያየራሉ፣ የሰጠውም የተቀበለውም በመዝገብ ይፈርማሉ። የማርቆሱም ቢሆን የሚሰካው ከምሽቱ 1 ሰዓት ቅጂው እስኪያልቅ ብቻ ነው። በየሰዓቱ የሚያዘው የዳታቤዝ ሎግ ሌላ ክፍል፣ ሌላ መስመር ላይ ወዳለ አሮጌ ኮምፒውተር ይሄዳል። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ የዕለቱ ለውጥ ተቆልፎ ወደ ክላውድ ይወጣል፤ ከሌለ ይጠብቃል። የወሩ ቅጂ በእኛ 30ኛ ቀን፣ ጳጉሜን ደግሞ ለብቻዋ ይያዛል። የዕቃ ዝውውር የወረቀት መዝገብም ተመልሷል፤ መጋዘን ጠባቂዎቹ አጉረምርመዋል።

ሙከራው ግን ባሰብሁት መንገድ አልሄደም። በመጀመሪያ የተዋስሁት ላፕቶፕ ላይ የነበረው ኤስኪውኤል ሰርቨር የ2014 እትም ሲሆን የእኛ 2019 ነው፤ አዲሱ ላይ የተያዘ ባክአፕ አሮጌው ላይ አይመለስም። የ2019ኙን መጫኛ ለማውረድ ኢንተርኔቱ አምስት ሰዓት ወሰደብኝ፤ አሁን መጫኛውም የፕሮግራሙም ፋይል ሁለቱም ዲስኮች ላይ አለ። ቀጥሎ ዳታቤዙ ተመልሶ ሳለ የሽያጭ ፕሮግራሙ አልገባም አለ። ለካ የመግቢያ ስሞቹ ያሉት በእኛው ዳታቤዝ ውስጥ ሳይሆን ማስተር በሚባለው ውስጥ ኖሯል፤ እሱን ባክአፕ አላደርግም ነበር። በመጨረሻ የፍኖተ ሰላሙን ዲስክ ለመክፈት በፖስታ ታሽጎ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ስናወጣ፣ በእጅ ጽሑፌ ዜሮውና የእንግሊዝኛው «ኦ» አልለይ ብለው ከቅርንጫፍ ኃላፊው ጋር በስልክ ሩብ ሰዓት ተከራከርን። ደረሰኙን ያተምነው ከጀመርን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። እነዚህን አስተካክለን በማግሥቱ ስንደግመው ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወሰደ።

የዳታቤዝ ወዳጅ

በጣም ደስ ይላል። የሁለተኛውን ሙከራ ያደረጉት ራስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?

የጮቄ ጥላ

ራሴ ነኝ። ጥያቄው ገብቶኛል፤ እኔ ታምሜ ብተኛ የሚመልሰው ማን እንደሆነ ባለቤቱም ጠይቀውኛል። ሒደቱን በአማርኛ ደረጃ በደረጃ ጽፌ አትሜዋለሁ፤ ኅዳር ላይ የሞጣው ቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛ ወረቀቱን ብቻ ይዛ፣ እኔ ከጎኗ ሳልቀመጥ ትሞክረዋለች። የይለፍ ቃሉንም በኮምፒውተር ተጽፎ እንዲታተም አድርጌያለሁ።